የኮምቢን ሞተር አውርዶ፣ ፈትቶ፣ መልሶ መግጠም

ወደ ሱሉልታ ስወጣ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ኮምቢዬ (የቮልስዋገን ሚኒባስ) ድንገት አቅሟ ወረደ። መጀመሪያ ከኋላ የሚያንኳኳ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ፣ ከዚያ ዝም። አስጎትቼ ግቢ አስገባኋትና ሞተሩን አውርጄ ስከፍተው የ3ኛው ሲሊንደር ፒስተን ጎኑ ተፍቆ፣ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ቦያቸው ውስጥ ተጣብቀው አገኘኋቸው። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ከሲሊንደሮቹ ሥር መኖር የነበረባቸው ሁለት ስስ ቆርቆሮዎች የሉም። ከእኔ በፊት ሞተሩን የከፈተው ጋራዥ ገጥሞ ሲጨርስ «እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» ብሎ ወደ ጥግ ወርውሯቸው ይሆናል። ሞተሩማ ያለ እነሱም ይነሣል። የሚሞተው ዳገት ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዚያ ሥራ ወቅት በዘይት በተነከረ ደብተር ላይ የያዝኩት ነው። የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1970 ሞዴል፣ 1600 ሞተር ናት፤ የ1500 ወይም የ1300 ቮልስ ያላችሁም አብዛኛውን ትጠቀሙበታላችሁ።

ሞተሩን ማወቅ

ኮምቢ እ.ኤ.አ. በ1950 ጀርመን አገር መመረት ጀምራ ብራዚል ውስጥ እስከ 2013 ድረስ ተሠርታለች። እኛ አገር ብርቅ ናት፤ ሞተሯ ግን ብርቅ አይደለም፣ ያው የቮልስ ሞተር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ሞተርም የዚሁ ዘር ነው። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ «የኮምቢ ዕቃ» ካላችሁ «የለም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። «የቮልስ 1600» በሉ። ሙሉ ብሎክ የምትገዙ ከሆነ ግን በፑሌጃው (በቀበቶው መዘውር) በኩል የኮምቢው የሞተር መሸከሚያ ብረት የሚታሰርበት ቦታ እንዳለው አይታችሁ ግዙ፤ የድሮዎቹ የቮልስ ብሎኮች ይህ የላቸውም።

አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተጋድመዋል። የፒስተኑ ስፋት 85.5 ሚሊ ሜትር፣ ጉዞው 69 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላው 1584 ሲሲ ነው። ብሎኩ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን እንደ ባቄላ ክክ ለሁለት ይከፈላል። ቁጥር አሰጣጡን አሁኑኑ ያዙ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ፊት» ማለት የመኪናው ፊት፣ ማለትም ቮላኖው (ከካምቢዮው በኩል የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) ያለበት በኩል ነው። 1 የቀኝ ፊት፣ 2 የቀኝ ኋላ፣ 3 የግራ ፊት፣ 4 የግራ ኋላ። የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው።

3ኛው ለምን ቀድሞ ይቃጠላል? በድሮዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው በአየር ማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ልክ በ3ኛው ሲሊንደር አናት ላይ ነው። ለ3 የሚደርሰው አየር አስቀድሞ በማቀዝቀዣው ውስጥ ስለሚያልፍ ሞቆና ቀንሶ ይደርሰዋል። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ ፊት አስወጥቶ የራሱን የአየር መንገድ የሰጠው በ1971 ሞዴል ነው። የእኔዋ በአንድ ዓመት አመለጣት።

ከመጀመራችሁ በፊት

የ10፣ 13፣ 15፣ 17፣ 30 እና 36 ቡሽ ቁልፎች፣ ቶርክ ሬንች፣ ማይክሮሜትር፣ ባለ ሰዓት መለኪያ፣ ፊለር ጌጅ፣ የፋሻ መጭመቂያ እና ጥሩ ክሪክ ያስፈልጋችኋል። ማይክሮሜትርና ባለ ሰዓት መለኪያ ከሌላችሁ ተዋሱ፤ ያለ እነሱ የሚገጠም ሞተር የዕጣ ጉዳይ ነው። ከዚህ ሌላ አምስት የእንቁላል ካርቶን፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች፣ የወረቀት ፕላስተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ታፔት፣ ፑሽ ሮድና ቫልቮላ (ቫልቭና እሱን የሚገፉት ክፍሎች) ሁሉ የነበረበት ቦታ ይመለሳል፤ ካርቶኑ ለዚህ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በተለይ ቆርቆሮዎቹን።

ማውረድ

የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ዘይቱን ገና ሙቅ ሳለ አፍስሱ። የቤንዚኑን ቱቦ ስትነቅሉ ወዲያው ጫፉን በብሎን ድፈኑት፤ በኮምቢ ላይ ታንኩ ከሞተሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ካልደፈናችሁት በራሱ ይፈስሳል። የዲናሞውን፣ የቦቢናውንና የዘይት ግፊቱን ገመዶች ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉባቸው። የነዳጅ መስጫውን ካቮ ከካርቡራተሩ ፍቱና ወደ ፊት ጎትታችሁ አውጡ። ሁለቱን የማሞቂያ ካቮዎች ከሥር ፍቱ።

እስከ 1971 ባሉት ሞዴሎች ከሞተሩ ክዳን ሥር ያለው የኋላ ቆርቆሮ በብሎን ይፈታል። ፍቱት፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይወጣላችኋል።

ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ባለ 17 ብሎኖች ነው፦ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። የቀኙ የላይኛው ሞተሪኖውንም ጭምር ይይዛል። ክሪኩን ጣውላ አስደግፋችሁ ከሞተሩ ሥር አስገቡና ክብደቱን እስኪሸከም ብቻ አንሱት፤ ከዚያ የታችኞቹን፣ የላይኞቹን፣ በመጨረሻም የኋላውን መሸከሚያ ብረት ፍቱ። አሁን ሁለት ሰው ሆናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳቡት። የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ሳይወጣ ሞተሩ እንዲንጠለጠልበት አትተዉ፤ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው፣ ዘንጉን ያጣምማል። ዘንጉ ነፃ መውጣቱን በባትሪ መብራት አይታችሁ ዝቅ አድርጉ።

መፍታት

መፍታቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ብዙም የሚያስጨንቅ የለውም። ማርሚታውን (የጭስ ማፈኛውን) እና ሁለቱን የማሞቂያ ሣጥኖች ፍቱ። የማርሚታው ዳዶዎች ዝገው ከሆነ አታስገድዱ፤ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ራስ) የወጣው ብሎን ከተሰበረ ሌላ ሳምንት ጨመራችሁ። ማታ ቅባት ቀብታችሁ አሳድሩ፣ በማግስቱ በእሳት አሙቁና ሞክሩ። ከዚያ ካርቡራተር፣ ቺንጋ (ቀበቶ)፣ ዲናሞውን ከነማራገቢያው ቤት በአንድ ላይ ወደ ላይ፣ የዘይት ማቀዝቀዣ፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ ዲስትሪቢዩተር።

ዲስትሪቢዩተሩ ሲወጣ ከሥሩ የሚያዞረው አጭር ዘንግ ይታያችኋል። ጫፉ ላይ ያለው ቦይ መሐሉ ላይ አይደለም፤ አንዱ ወገን ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነው። 1ኛው ፒስተን አናት ላይ ሆኖ ቦዩ ወዴት እንደሚያይ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ልከኛ እንጨት ቦዩ ውስጥ ወትፋችሁ ወደ ግራ እያዞራችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከዘንጉ ሥር ሁለት ስስ ሮንዴላዎች አሉ። እነዚህን በማግኔት ነው የምታወጡት። ብሎኩን ሳትከፍቱ የምትሠሩ ቢሆን ኖሮ አንዷ ወደ ውስጥ ብትወድቅ ጠቅላላውን መፍታት ግድ ይሆን ነበር። እኛ የምንከፍተው ስለሆነ ግድ የለም፤ ግን ሁለት መሆናቸውን ቆጥራችሁ በቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ።

የቴስታታዎቹን ክዳኖች፣ ሮከሮቹንና ፑሽ ሮዶቹን እያወጣችሁ በየተራቸው ካርቶን ላይ ደርድሩ። እያንዳንዱ ቴስታታ በስምንት ዳዶ ታስሯል። በጥቂት በጥቂቱ፣ በመስቀል እየዞራችሁ አላሉ። ቴስታታው ሲወጣ ሲሊንደሮቹ ቀጥለው ይሳባሉ፤ ከሲሊንደሮቹ ሥር በሁለቱም በኩል ያሉትን የአየር መመለሻ ቆርቆሮዎች ያኔ ታገኛላችሁ። የኔ ባዶ ነበር። እናንተ ካገኛችኋቸው አጥባችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ፣ ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ፒስተኖቹን ከማውጣታችሁ በፊት የብሎኩን አፍ በጨርቅ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝጉ። የፒኑ ቀለበት ተስፈንጥሮ የሚገባበት ሌላ ቦታ የለም። ፒኑ እምቢ ካለ ፒስተኑን በፈላ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አሙቁት፤ መዶሻ አታንሡ፣ ቢዬላው (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ) ይጣመማል።

የቮላኖው ትልቅ ዳዶ 36 ነው፤ ሲጠብቅ 350 ኒውተን ሜትር ገደማ ስለሆነ በቀላሉ አይፈታም። ቮላኖውን በብረት አስራችሁ ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ቧንቧ አስገቡ። ከዚያ የዘይት ፓምፑን አውጡና ብሎኩን የሚያያይዙትን ሁሉንም ዳዶዎች ፍቱ። ስድስት ትላልቅ አሉ፣ ዙሪያውን ደግሞ ትናንሾቹ። ሁሉም ወጡ ብላችሁ ስታስቡ አንድ ቀርቷል፤ ቆጥሩ። ብሎኩን በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ የቀኙን ግማሽ በጎማ መዶሻ እየመታችሁ አንሡ። በሁለቱ ግማሾች መካከል ካቻቪቴ አትክተቱ። ጋርኒሲዮን (በመካከል የሚገባ ማሸጊያ) የሌለው መገጣጠሚያ ነው፤ አንድ ጭረት ለዘላለም ዘይት ታፈስሳለች። የቀኙ ግማሽ ሲነሣ አራቱ ታፔቶች እንዳይወድቁ አንድ ሰው በጣቱ ይያዛቸው።

መለካት

ብዙ ሰው ፋሻና ጋርኒሲዮን ቀይሮ ይገጥማል። ያ ሞተር ስድስት ወር ይሄዳል። በዚህ ሞተር ላይ ጊዜ የሚበላው መለካቱ ነው፣ እኔም ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ እዚህ ነው።

ከብሎኩ ጀምሩ። ሁለቱን ግማሾች አጥባችሁ ያለ ክራንክ ሻፍት (ያለ ዋናው ዘንግ) ግጠሙና በሙሉ ኃይሉ አጥብቁ፤ ከዚያ የዋና ብሮንዚናዎቹን (ዘንጉ የሚዞርባቸውን ቀለበቶች) ቤቶች በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ማግኒዚየም ለስላሳ ነው። በተለይ መካከለኛው፣ 2ኛው ቤት፣ በክራንክ ሻፍቱ እየተደበደበ ሞላላ ይሆናል። ሞላላ ከሆነ ብሎኩ በአንድ መስመር ተቦርቡሮ በውጭ በኩል ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገባለታል። ይህን የሚሠራው ቶርኖ ቤት ማሽኑ እንዳለው በዓይናችሁ አይታችሁ ስጡ። በእጅ ሞርደው ሊሰጧችሁ ካሰቡ ይዛችሁ ውጡ። ሌላ ብሎክ መግዛት ይሻላል።

ክራንክ ሻፍቱ ላይ ከ1 እስከ 3 ያሉት ዋና መቀመጫዎች 55 ሚሊ ሜትር፣ 4ኛው 40 ሚሊ ሜትር፣ የቢዬላዎቹ ደግሞ 55 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ ሞላላ ከሆኑ ይሞረዳሉ፤ ብሮንዚናዎች በ0.25፣ 0.50 እና 0.75 ሚሊ ሜትር ቅናሽ ይገኛሉ። 3ኛው ብሮንዚና ሙሉ ቀለበት ስለሆነና ሁለቱ ጥርሶች ፊቱ ላይ ተጨምቀው ስለተቀመጡ ያለ ፕሬስ አይወጣም፤ ቶርኖ ቤቱ አውጥቶ አዲሱን አስገብቶ ጥርሶቹን በሙቅ ዘይት አሙቆ እንዲመልስ አብራችሁ ንገሩ።

የእኔን ክራንክ ሻፍት የሞረደው ቶርኖ ቤት አሳምሮ ሠርቶ፣ አብረቅርቆ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ የዘይት ቀዳዳዎቹ ውስጥ በጋዝ የተነከረ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ሳስገባ የብረት ዱቄት ከድንጋይ አቧራ ጋር ተለውሶ እንደ ጥቁር ጭቃ ወጣ። አምስት ጊዜ ደጋገምኩ፤ አምስተኛው ላይ ነው ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ የወጣልኝ። ያ ጭቃ ገብቶ ቢሆን አዲሶቹን ብሮንዚናዎች በመጀመሪያው ሰዓት ይበላቸው ነበር። ማንም ይሥራላችሁ፣ እናንተ ደግማችሁ እጠቡ። የብሎኩንም የዘይት መንገዶች እንዲሁ።

ሲሊንደሮቹንና ፒስተኖቹን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ያለው ክፍተት አዲስ ሲሆን 0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.20 ከደረሰ ሁለቱም ይቀየራሉ። አዲስ ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲቀመጥ በጫፎቹ መካከል 0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ይኑር። በሙሉ ስብስብ መግዛት ይሻላል። ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ብሮንዚና፣ ፋሻና የዘይት ማገጃ ጎማዎች አስመጡ፤ ሲሊንደር ግን አታሸክሙት፣ አራቱ ብቻቸውን ሻንጣውን ይጨርሱታል።

ቴስታታው ላይ በሁለቱ የቫልቮላ መቀመጫዎች መካከልና ከመቀመጫው እስከ ካንዴላው ቀዳዳ ድረስ ስንጥቅ ፈልጉ። ይህ ሞተር እዚያ ላይ ነው የሚሰነጠቅ። የጭስ ማውጫ ቫልቮላዎቹን አትመርምሩ፣ ቀይሯቸው። አንገቱ የተቆረጠ የጭስ ቫልቮላ ፒስተኑን በስቶ ብሎኩን ጭምር ያበላሻል፤ አራት ቫልቮላ ደግሞ ከአንድ ብሎክ ይረክሳል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ካስቲክ ሶዳ ውስጥ አትንከሩት።

ብሎኩን መዝጋት

ሥራው እዚህ ነው። ጠዋት ጀምሩ፣ ስልካችሁን ዝጉ፣ ቡና ጠጥታችሁ ኑ።

1. የግራውን ግማሽ በቋሚ ላይ አስተኙ። ታፔቶቹን በዘይት አርሳችሁ አስገቡ። የቀኙን ግማሽ ታፔቶች በወፍራም ግሪስ አጣብቋቸው፣ ሲገለበጥ እንዳይወድቁ።

2. ቢዬላዎቹን ክራንክ ሻፍቱ ላይ ግጠሙ። እያንዳንዱ ቢዬላ ወደ ሲሊንደሩ ሲዘረጋ ግንዱ ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት ወደ ላይ ማየት አለባት። ዳዶዎቹን 32 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ቢዬላው በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውደቅ አለበት፤ ከያዘ ጎኑን በመዶሻ እጀታ መታ አድርጉት፣ ይለቃል። ካልለቀቀ ፍቱትና እንደገና እዩ።

3. የብሮንዚናዎቹ ፒን። ብሎኩ ላይ ለእያንዳንዱ ዋና ብሮንዚና የሚይዝ ትንሽ ፒን አለ፤ ቀዳዳው ካልገጠመ ብሮንዚናው ተጨምቆ ይሰበራል፣ እናንተ ግን የምታውቁት ሁሉን ካጠበቃችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ሙሉ ቀለበት የሆኑትን 1፣ 3 እና 4 መጀመሪያ ባዶ ብሎክ ላይ አስቀምጡ፤ ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ «ጠቅ» ብሎ ሲገባ በብሎኩ ጠርዝ ልክ ብሮንዚናው ላይ በእርሳስ መስመር አስምሩ። ክራንክ ሻፍቱን ስታስቀምጡ መስመሩን ከጠርዙ ጋር ታገጥማላችሁ። ከላይ ሆናችሁ ሳታዩ ታውቃላችሁ።

4. ክራንክ ሻፍቱን አስቀምጡ። ሳይወዛወዝ መቀመጥ አለበት። በጣታችሁ ብሮንዚናውን ለማዞር ሞክሩ፤ ከዞረ ፒኑ አልገባም።

5. ካም ሻፍቱን (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አስገቡ። በካም ጥርሱ ላይ አንድ ነጥብ፣ በክራንክ ጥርሱ ላይ ሁለት ነጥቦች አሉ። አንዱ በሁለቱ መካከል ይግባ። ባትሪ አብርታችሁ ሁለት ጊዜ እዩ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ጥሩና እሱም ይይ። በጫፉ ያለውን የካም ክዳን አትርሱ።

6. መገጣጠሚያውን በቤንዚን ጠርጉና በአንዱ ግማሽ ላይ ብቻ እጅግ ስስ አድርጋችሁ ማሸጊያ ቀቡ። ወደ ብሮንዚናዎቹ አታስጠጉ። የቀኙን ግማሽ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ።

7. በመጀመሪያ በ1ኛው ብሮንዚና ትልቅ ብሎን አጠገብ ያለውን ትንሽ ዳዶ አጥብቁ። ከዚያ ስድስቱን ትላልቆች ከመሐል ወደ ውጭ በመስቀል፣ በሁለት ዙር እስከ 34 ኒውተን ሜትር፤ ዳዶው ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ከሆነ እስከ 25 ብቻ። በመጨረሻ ትናንሾቹን 20 ኒውተን ሜትር።

በእያንዳንዱ ዙር መካከል ክራንክ ሻፍቱን በእጃችሁ አዙሩት። በሁለት ጣት መዞር አለበት። ከከበደ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከያዘ እዚያው ቁሙ፣ አላሉ፣ ክፈቱ። «ሲሠራ ይለቃል» የሚል መካኒክ ካለ ሞተሩ የእሱ አይደለም። እኔ ሁለት ጊዜ ከፍቻለሁ፤ ሁለተኛው ላይ የ4ኛው ብሮንዚና ፒን ነበር፣ የእርሳስ መስመሬን በዘይት አጥፍቼው።

የክራንክ ሻፍቱ ልቅነት

ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚላላው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የሚወስኑት በቮላኖው ጀርባ የሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ናቸው፤ ሁልጊዜ ሦስት፣ አንድ ወፍራም አይተካቸውም። የዘይት ማገጃውን ጎማ ሳታስገቡ ሁለቱን ቀለበቶች ብቻ ጨምራችሁ ቮላኖውን እሰሩ። ባለ ሰዓት መለኪያውን ቮላኖው ላይ አስደግፋችሁ ገፉና ሳቡ። የእኔ 0.44 አለ። ከዚህ 0.10 ቀንሱ፣ 0.34 ይቀራል፤ ሦስተኛዋ ቀለበት 0.34 ሚሊ ሜትር ናት ማለት ነው። ቮላኖውን አውጡ፣ ሦስተኛዋን ጨምሩ፣ የዘይት ማገጃውን እኩል አድርጋችሁ አስገቡና መልሳችሁ እሰሩ።

350 የሚደርስ ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ጨምራችሁ ከዳዶው አንድ ሜትር ርቀት ላይ 35 ኪሎ አንጠልጥሉ። ልኩ ያው ነው። እኔ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ 35 ኪሎ አሸዋ መዝኜ ሰቀልኩት፤ ጎረቤቶቼ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ለመጠየቅ አጥሩ ላይ ተደርድረው ነበር።

ፒስተን፣ ቴስታታ፣ ቆርቆሮ

የፒስተኖቹ ቀስት ወደ ቮላኖው ያያል። የፋሻዎቹን ክፍተቶች አራርቁ፤ የዘይት ፋሻው ክፍተት ወደ ላይ ይሁን። ሲሊንደሩን በዘይት አርሳችሁ ገፍታችሁ አስገቡ።

አሁን፣ ቴስታታው ከመግባቱ በፊት፣ የአየር መመለሻ ቆርቆሮዎቹን ከሲሊንደሮቹ ሥር አስገቡ። ከቴስታታውና ከፑሽ ሮድ ቱቦዎቹ በኋላ አይገቡም፤ ለዚህ ነው ሰው ረስቶ «ይቅር» የሚለው። ማራገቢያው አየሩን ከላይ ይገፋዋል፤ እነዚህ ቆርቆሮዎች አየሩን ወደ ሲሊንደሩ ሆድ መልሰው ያስጠጉታል። ከሌሉ አየሩ በአቋራጭ ወደ ታች ያመልጣል፣ የሲሊንደሩ ሥርም ሳይቀዘቅዝ ይቀራል። እንዳይንቀጫቀጩ አጥብቃችሁ ያዙዋቸው፣ ካስፈለገ ትንሽ ጎበጥ አድርጋችሁ። እኔ ካገለገለ ቮልስ ላይ ነቅዬ ነው ያገኘኋቸው፤ ሻጩ ብር ለመቀበል አፍሮ ነበር።

የፑሽ ሮድ ቱቦዎቹ ጫፋቸው እንደ አኮርዲዮን ነው። አሮጌዎቹ ተጨምቀው ስለሚቀሩ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ እስከ 190 ሚሊ ሜትር ዘርጉዋቸው፤ ካልሆነ ዘይት ያንጠባጥባሉ። ስፌታቸው ወደ ላይ ይሁን። የቴስታታውን ዳዶዎች በመጀመሪያው ዙር 10 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ከመሐል ጀምራችሁ በመስቀል 32 ኒውተን ሜትር። ይህ ለባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ነው፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ከሆኑ 25 ይበቃል። ቮልስ ላይ «ትንሽ ልጨምርለት» ማለት ብሎኑን ከማግኒዚየሙ ነቅሎ ማውጣት ነው።

የዲስትሪቢዩተሩን ዘንግ ከነሁለቱ ሮንዴላዎች አስገቡ። 1ኛው ፒስተን ሁለቱም ቫልቮላዎች ተዘግተው አናት ላይ ሲሆን ቦዩ ከብሎኩ መገጣጠሚያ ጋር ቀጥ ብሎ ተሻግሮ፣ ጠባቡ ወገን ወደ ፑሌጃው ማየት አለበት። ሮንዴላዎቹን ለማውረድ ረጅም ካቻቪቴ አቁማችሁ እላዩ ላይ አንሸራትቷቸው። ቫልቮላዎቹን ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲናውን (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መቆራረጫ) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ።

ማስነሣት

ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት፤ ከዚያ በላይ አይፈልግም። ካንዴላዎቹን ሳትገጥሙ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩ፤ አሥር አሥር ሰከንድ እያደረጋችሁ፣ ሞተሪኖውን እያሳረፋችሁ። ከጠፋ በኋላ ካንዴላ ግጠሙና አስነሡ። አዲስ ካምና ታፔት ካስገባችሁ ዝቅ ባለ ዙር አታቆዩት፤ ለ20 ደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ያዙት። ጎረቤት ይበሳጫል፣ ይታገሥ።

ካርቡራተሩ ላይ አንድ ነገር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በፋብሪካው ልክ የተተወ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ አዲሶቹ ፋሻዎችም ሳይላመዱ ይቀራሉ። ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር አሳንሱና ካንዴላው ቡና ዓይነት እስኪሆን እዩ። ከመጠን በላይ አታሳንሱ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይሞቃል፣ የሳሳው አየር ደግሞ የማቀዝቀዝ አቅሙ ደካማ ነው። ኮምፕሬሽን ስትለኩም መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ አራቱ መቀራረባቸውን እዩ።

በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ቀይሩ፣ ቫልቮላዎቹን እንደገና ለኩ፣ ከሞተሩ ሥር ያለችውን ክብ ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ። ይህ ሞተር ሌላ የዘይት ማጣሪያ የለውም። የወንፊቷን ክዳን ትናንሽ ዳዶዎች ከ7 ኒውተን ሜትር በላይ አታጥብቁ። የእኔ ወንፊት ላይ ብረት አልነበረም፤ ሦስት እንደ ፀጉር የቀጠኑ የማሸጊያ ክሮች ግን ተጠምጥመውባት አገኘሁ። ስስ ቀባሁ ብዬ ነበር።